ከገጣባ እስከ ሰጋር፦ ገበሬውና ፈረሱ

እንደሚታወቀው በሀገራችን ታሪክ እንደ ፈረስ ከባለቤቱ ስም ጋር የተቆራኘ እንስሳ የለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተጊዮርጊስ አባ መላ የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የዋለው ፈረስ ግን ከመኳንንቱ ጋጥ ብቻ የወጣ አልነበረም። ገበሬው ስንቁንና መሣሪያውን ራሱ ይዞ ይዘምት ስለነበር፣ ያለው በፈረሱና በበቅሎው ይከት ነበር። ይህን ውለታ ሳይዘነጉ አባቶች በ1932 ዓ.ም. የአገው ፈረሰኞች ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ አባላቱን ያስታርቃል፣ በችግር ጊዜም ያረዳዳል። እኛ ዛሬ ኅብረት ሥራ የምንለው መደጋገፍ በፈረስ ዙሪያም እንደነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ገበሬው ፈረስ የሚያገኘው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ከራሱ ባዝራ ማስወለድ ነው። ሁለተኛው ያልተገራ ወጣት ፈረስ ከገበያ ገዝቶ መግራት ነው። ሦስተኛው አቅም የሌለው የሚመርጠው ሲሆን፣ የከሳና ጀርባው የተገጠበ ፈረስ በርካሽ ገዝቶ ማዳን ነው። በብዙ ከተሞቻችን ባጃጅ የጋሪን ሥራ ከወሰደ ወዲህ፣ ዕድሜውን በሙሉ ሲጎትት የኖረ ፈረስ መንገድ ላይ ተጥሎ ማየት የተለመደ ሆኗል። ይህ ለአድዋ ዘማች ዘር የሚገባ ውለታ አይደለም።

የተጎዳ ፈረስ ግን በችኮላ አይድንም። ገዥው አስቀድሞ ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን፣ አስረግጦም ሰኮናውን ይመረምራል። ወደ ቤት ሲያስገባውም በሽታ እንዳያጋባ ለጥቂት ሳምንታት ከሌሎች ለይቶ ያስረዋል። የተራበ ነው ብሎ ገብስ በብዛት ማቅረብ ሆዱን ያሳምመዋል፣ እግሩንም ያሽመደምደዋል፤ ስለዚህ ድርቆሽና ውኃ ይቀድማል፣ እህል ቀስ በቀስ ይከተላል። የጥገኛ ትላትል መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ይወሰዳል። ገጣባው ሳይሽር ኮርቻ አይጫንም፤ ከዳነም በኋላ ከሥሩ ለስላሳ ግላስ ሊኖር ይገባል። በዚህ ትዕግሥት የተያዘ ፈረስ፣ ዕድሜው ካልገፋ፣ ለልጓም ታዝዞ ባለቤቱን ሊያኮራ ይችላል።

ውድ አባላት፣ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ምርታችንን ወደ መጋዘን የሚያደርሰው ዛሬም የጋማ ከብት ነው። ስለሆነም ዩኒየናችን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲያቀርብ የፈረስ መድኃኒትንም እንዲያስብ፣ የወረዳ ባለሥልጣናትም የክትባት ዘመቻ ሲታቀድ ፈረሱን ከበሬው ኋላ እንዳያስቀሩት እናሳስባለን። አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል። ያደረሰንን መልሰን ማድረስ የእኛ ፈንታ ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!