ስም እንደ ንግግር፤ በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ የልጅ ስም አወጣጥ ታሪክ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም.፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ዘውድ ከመጫናቸው በፊት የሁለቱም መጠሪያ ስም ካሳ ነበር። ካሳ ማለት ለጠፋ ወይም ለተጐዳ ነገር የሚከፈል ምትክ ነው፤ በልማድም ልጅ ወይም የቅርብ ዘመድ በሞተበት ቤት ለሚወለድ ሕፃን ይወጣል። ሁለቱም ሲነግሡ ይህን ስም ተዉት። የቋራው ካሳ በፍካሬ ኢየሱስ ይመጣል ተብሎ የተነገረለትን የቴዎድሮስን ስም ወሰዱ፤ የተምቤኑ ካሳ ደግሞ ዮሐንስ ተባሉ። ካሳ የሚለው ስም የአንድን ቤት ሐዘንና መጽናናት ይናገራል፤ የንግሥ ስም ግን የሚናገረው ለአገር ሁሉ ነው። ነጋሢው አዲስ አድማጭ ስላገኘ አዲስ ስም አስፈለገው።

ከዚህ ምሳሌ እንደሚታየው በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ ስም ሰውን ከሰው የሚለይ ምልክት ብቻ አይደለም፤ ተናጋሪና አድማጭ ያለው ንግግር ነው። በዛሬው ዘመን ወላጆች ለልጃቸው በሰፈሩ ያልተሰማ ልዩ ስም ሲፈልጉ፤ ሽማግሌዎችም ይህን እንደ እንግዳ ነገር ቈጥረው ሲያዝኑ ይሰማል። ነገር ግን የስም አወጣጡ ታሪክ በጥንቃቄ ሲመረመር፤ ልዩ ስም መሻት ዛሬ የተጀመረ አለመሆኑ ይገለጣል። የተለወጠው ምኞቱ ሳይሆን፤ በስሙ ይነገር የነበረው ነገርና ይነገረው የነበረው ሰው ነው።

በክርስቲያኑ ሕዝብ ልማድ አንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ስም አለው። የመጀመሪያው ወንድ በ40፤ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ካህኑ የሚሰጠው የክርስትና ስም ነው፤ ይህም ቍጥር በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀን፤ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት ገቡ ከሚለው ጋራ የተያያዘ ነው። ይህ ስም በግዕዝ ሥርዐት ይሠራል፤ ወልደ፣ ወለተ፣ ገብረ፣ አመተ፣ ኀይለ፣ ተክለ፣ ሣህለ ከሚሉት አንዱ ከሥላሴ፣ ከማርያም፣ ከሚካኤል ወይም ከሌላ ቅዱስ ስም ጋራ ይጣመራል። ዐሥር መነሻና ዐሥር መድረሻ ቢኖሩ የሚወጣው ስም ከ100 አይበልጥም። ስለዚህ በአንድ ደብር ብዙ ወልደ ማርያምና ብዙ ወለተ ሚካኤል መገኘቱ የማይቀር ነው። ይህም እንደ ጕድለት አይቈጠርም፤ በቍርባን፣ በፍትሐትና በተዝካር የሚጠራው ይኸው ስም ሲሆን፤ በእግዚአብሔር ፊት ልዩ ሆኖ መታየት አያስፈልግምና። እንዲያውም መተት የሚፈሩ ሰዎች የክርስትና ስማቸውን ከባዕድ ይሰውሩት ነበር።

ሁለተኛው ስም በቤትና በአደባባይ የሚጠራው መጠሪያ ስም ነው። የዐፄ ምኒልክ የክርስትና ስም ሣህለ ማርያም፤ የእቴጌ ጣይቱ ወለተ ሚካኤል፤ የንግሥት ዘውዲቱ አስካለ ማርያም፤ የልጅ ኢያሱ ክፍለ ያዕቆብ መሆኑ ይታወቃል። በአንጻሩ ተፈሪ መኰንን በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ የክርስትና ስማቸውን ኀይለ ሥላሴን የንግሥ ስም አድርገው ከቤተ ክርስቲያን ወደ አደባባይ አወጡት። እንግዲህ ልዩነት የሚፈለገው በመጠሪያው ስም ነበር፤ ይህንም ስም ካህኑ ሳይሆን እናት፣ አባት ወይም አያት ያወጡታል። ቀመር ስለሌለው የአማርኛ ቋንቋ በሙሉ ለስም አውጪው ክፍት ነው።

የመጠሪያው ስም ሰዋስው ራሱ ይህን ያስረዳል። በቀለ፣ አበበ፣ አየለ፣ ከበደ፣ ተሰማ የሚሉት ስሞች የተፈጸመ ድርጊትን የሚናገሩ ሙሉ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። ግዛው፣ ናደው፣ ጣሰው የሚሉት ትእዛዞች ሲሆኑ፤ ይልማና ይርጋ ምኞቶች ናቸው። በሴቶች ስም ደግሞ «ነሽ» የሚለው ቃል በብዛት ይገኛል፤ ወርቅነሽ፣ ብዙነሽ፣ በላይነሽ እንደሚባለው። አየለችና አበበች የወንዶቹን ግሥ ቢጋሩም፤ ጣሰው እንደሚለው ያለ የጦር ትእዛዝ ግን ለሴት ልጅ እምብዛም አይወጣም። ወንዱ ወደ ፊት ምን እንዲያደርግ፤ ሴቲቱ አሁን ምን እንደ ሆነች ይነገራል። ልዩነትን በግልጥ የሚያውጁም አሉ፤ ብርቅነሽ የምትባል ሴት ብርቅ መሆኗ በስሟ ተነግሯል፤ ማንያህልሻል የሚለውም ጥያቄ መልስ የማይጠበቅበት ሙገሳ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊስተዋሉ የሚገባቸው ግን ለሕፃኑ ሳይሆን በሕፃኑ ራስ ላይ አልፈው ለሌላ ሰው የሚናገሩት ስሞች ናቸው። ይግረማቸው፣ ይታገሡ፣ እንዳልካቸው በሚሉት ውስጥ በስም ያልተጠሩ ብዙ ሰዎች አሉ። እነዚህ ያልተጠሩት ጎረቤቶች፣ ባላንጣዎች፣ ወይም መካን ናት ብለው እናቲቱን ያሙ ዘመዶች ሊሆኑ ይችላሉ። እናት ልጇን ለምሳ በጠራች ቍጥር ያን መልስ ታሰማለች፤ ማንም ግን ተሰደብሁ ብሎ ሊከሳት አይችልም። ሰምና ወርቅን በሚወድ ሕዝብ ዘንድ ይህ ዐይነቱ ስም ማውጣት ደካማው ሰው በአደባባይ የሚናገርበት አንዱ መንገድ ነበር ማለት ይቻላል።

ሞትም ከአድማጮቹ አንዱ ነበር። ብዙ ሕፃናት በሚሞቱበት ዘመን ኑርልኝ የሚለው ስም ልመና፤ ተረፈ የሚለው ምስክርነት፤ ምትኩና ማስረሻ የሚሉት መጽናኛ ናቸው። አንዳንዱ ወላጅ ደግሞ ሞት ወይም ክፉ መንፈስ እንዲንቀው ብሎ ልጁን ዝቅ ባለ ስም ይጠራው ነበር። ባርያው የሚለው ስም ከመኳንንት ቤት ሳይቀር ይገኛል። እንዲህ ያለው ስም ትርጕም የሚኖረው ሰው በሚሸጥበትና በሚገዛበት አገር ብቻ ነው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከተሻረ በኋላ የተወለደ ሰው የስሙን ፍርሃት ለመረዳት ታሪክ ማንበብ ያስፈልገዋል።

የወሎ እስላሞች ልማድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኢማም የሚለው የዐረብኛ ቃል ይማም፤ ኢድሪስ የሚለው እንድሪስ ሆኖ ወደ አማርኛ ድምፅ ገብቷል፤ በዚህም የሃይማኖቱ ስም የአገሩን አንደበት ይዟል።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው ምሳሌያዊ ንግግር ስም ከሰው ፈቃድ በላይ እንደ ሆነ ያስተምራል። ይሁን እንጂ ስም አውጪው ሁልጊዜ ሰው ነው፤ ሰውም ሥልጣን አለው። ጦረኛው በፈረሱ ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ ተብሎ ሲጠራ አዲሱን ስም የሚያገኘው በገዛ ጀግንነቱ ነው። በሌላ ወገን ስም የሚጫንባቸው ሰዎች ነበሩ። ኦሮምኛን በጽሕፈት ቋንቋነት ካስፋፉት አንዱ ኦነሲሞስ ነሲብ ሲወለድ ሂካ ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም ተርጓሚ ማለት ነው። በልጅነቱ ተፈንግሎ ተሸጠ፤ ምጽዋ ላይ ነጻ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1872 ሲጠመቅ በፊልሞና መልእክት በተጠቀሰው ባርያ ስም ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1899 መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ አሳትሞ ሲያወጣ ግን እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ትርጓሜ በሥራ ፈጸመ። በኋላም ዘመን በደቡብና በምዕራብ ብዙ ልጆች ቤተ ክርስቲያን ወይም ተማሪ ቤት ሲገቡ በአማርኛ ወይም በግዕዝ ስም ተመዝግበዋል። የእነዚህ ሰዎች ስም የሚናገረው የወላጆቻቸውን ሐሳብ ሳይሆን የመዝጋቢውን ነው፤ ስለዚህ ስምን እንደ ታሪክ ምንጭ የሚጠቀም ተመራማሪ አስቀድሞ ስም አውጪው ማን እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባዋል።

በ20ኛው መቶ ዘመን የስሙ አድማጭ ቀስ በቀስ ከመንደር ወደ አገር ሰፋ። ነፃነት የሚለው ስም የመንግሥትን ታሪክ ወደ ቤት አገባ፤ ከ1966 ዓ.ም. በኋላም አብዮት ተብለው የተጠሩ ልጆች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ስም የተሸካሚውን ዕድሜ ያለ ምስክር ይናገራል። በዚሁ ክፍለ ዘመን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በየቤቱ እየገባ ሲሄድ፤ ማንበብ የሚችል ወላጅ ሁሉ ያለ ካህን ርዳታ ስም መምረጥ ቻለ። ናርዶስ፣ ኬብሮን፣ ዮርዳኖስ፣ ኤደን፣ ፌበን፣ ኤልሮኢ የሚሉት በዚህ መንገድ የተለመዱ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ናርዶስ ሽቱ፤ ኬብሮን ከተማ፤ ዮርዳኖስ ወንዝ ነው። የተመረጡትም በአብዛኛው ለድምፃቸው ማማርና ለመጽሐፍ ቅዱስነታቸው ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሚቃረን ነገር ይታያል። የቀድሞው ወላጅ ልዩ ለመሆን ሳያስብ ከገዛ ኑሮው ስም ስለሚቀዳ፤ ስሙ ከሌላ ሰው ስም ጋራ ቢመሳሰል እንኳ ምክንያቱ የራሱ ነበር። የዛሬው ወላጅ ልዩ ስም እየፈለገ ሁሉም ከሚያነቡት ከአንድ መጽሐፍ ስለሚቀዳ፤ ብዙዎቹ በአንድ ስም ላይ ይገናኛሉ። ድምፁ አዲስ ቢሆንም ነገሩ ወደ ክርስትና ስም ልማድ መመለስ ነው፤ ይኸውም የተቀደሰ፣ የተወሰነና የጋራ ወደ ሆነው መዝገብ። ስለዚህ አዲሶቹን ስሞች ባዕድ ናቸው ብሎ መንቀፍ ትክክል አይሆንም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። የአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ቋሚ የቤተ ዘመድ ስም የለውም፤ ልጅ የአባቱን፤ አባትም የአባቱን ስም ያስከትላል፤ ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም። ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ይህን አልተቀበለም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የልደት ምዝገባም የሚይዘው የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ነው። በውጭ አገር ግን ሁኔታው ይለያል። በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ከተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው፤ የአያትም ስም ቋሚ የቤተ ሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ። ከእነርሱም ልጆች አንዳንዶቹ አድገው የመጀመሪያ ስማቸውን መልሰው ይዘዋል። በአሜሪካም የአባት ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም ስለሚቈጠር፤ የአንድ አያት ስም ለልጅ ልጅ ሳይለወጥ ሊተላለፍ ይችላል።

ናርዶስ የምትባል ልጅ የአባቷ ስም አብዮት፤ የአያቷ ካሳ፤ የቅድመ አያቷ ወልደ ሚካኤል ቢሆን፤ በአንድ መስመር አራት ዘመን ተጽፎ ይገኛል፤ የመጽሐፍ ንባብ፣ የመንግሥት ለውጥ፣ የቤት ሐዘንና የደብር ጥምቀት። የልጅቱ ስም ብቻውን ስለ ቤቷ ጥቂት ይናገራል፤ ከኋላው የተሰለፉት ስሞች ግን ቀሪውን ይናገራሉ። ይህ ሰንሰለት ተቈርጦ አንድ ስም ብቻ ለዘለዓለም ቢጸና፤ የሚጠፋው ለእያንዳንዱ ትውልድ በራሱ ስም የሚናገርበት ስፍራ ነው።