እጅጋየሁ የትኛዋ ናት?



ባለፈው ክረምት በአንድ ጎረቤታችን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፥ ወሬ ወሬን እያነሣው ስለ ታዋቂ ሰዎች መጨዋወት ተጀመረ። እኛም «እጅጋየሁን የመሰለች ሴት ይህች አገር አፍርታለች» ብለን ጣል አደረግን። አንዲት እናት ቀበል አድርገው «እውነት ነው፤ ያ ድምፅዋ!» አሉ። አጠገባችን የነበረው ወጣት ደግሞ «የምን ድምፅ? ሯጯን አይደል እንዴ የሚሉት?» አለ። ከወዲያ ጥግ ሌላው ልጅ «አባባ፥ የትኛዋን ሯጭ ነው? ሁለት እኮ ናቸው» ብሎ ነገሩን ጨረሰው። ለካ አንድ ስም ይዘን ስለ ሦስት ሰው ኖሯል የምንነጋገረው።

ሌሎቹ ሣቁ፤ እኛ ግን የቆየ ጥፋታችን ትዝ አለን። እንደምታውቁት ዕድሜያችንን የገፋነው በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ነው። በምንሠራበት መሥሪያ ቤት ስማቸው ከነአባታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች ነበሩ። የአያት ስም ሳናይ የአንደኛዋን የጡረታ ወረቀት ከሌላዋ ዶሴ ውስጥ ከተትነው። ሴትዮዋ «ወረቀትዎ የለም» እየተባሉ ስንት ወር ተመላለሱ። በመጨረሻ ወረቀቱ ተገኘና ጥፋቱ የኛ መሆኑ ታወቀ። እሳቸውም አልተቆጡን፤ «ልጄ፥ ስማችን አንድ ነው እንጂ እኔ እሷ አይደለሁም» ብቻ አሉን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። ስለዚህ ዘንድሮ ጽሑፍ አምጡ ስንባል የእነዚህን እጅጋየሁዎች ዶሴ ለየብቻ ማስቀመጥ አለብን ብለን ተነሣን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። እጅጋየሁ ማለት «እጅግ አየሁ» ማለት ነው። ተናጋሪዋ ልጅቱ አይደለችም፤ ስም ያወጣላት ወላጅ ነው። ወላጅ ብዙ መከራ አይቶም ይሁን ብዙ ደስታ አይቶ፥ ያየውን በልጁ ላይ ይጽፈዋል። እንግዲህ ስሙ የወላጅ ታሪክ ነው፤ ልጅቱ ደግሞ የራሷን ታሪክ ከዚያ በኋላ ትጽፋለች።

ስሙ የቆየ ነው። የዳግማዊ አጤ ምኒልክ እናት ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባሉ ነበር። ምኒልክ የተወለዱት በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ነው። ነገር ግን ስለ ወይዘሮ እጅጋየሁ ስንጠየቅ አብዛኞቻችን የምንመልሰው «የምኒልክ እናት» ብለን ነው። በዚያ ዘመን ሴት የምትታወቀው በአባቷ፥ በባሏ ወይም በልጇ ነበር። ቀጥለን የምናነሣቸው ሦስቱ ግን የታወቁት በገዛ ሥራቸው ነው።

አንደኛዋ እጅጋየሁ ሽባባው ናት፤ ሕዝብ «ጂጂ» እያለ የሚጠራት። የተወለደችው በጎጃም፥ ቻግኒ ላይ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1974 ነው። ከአገር ወጥታ ኬንያ ቆየች፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረች። በ2001 በቅጽል ስሟ የተሰየመው አልበሟ ወጣ። አልበሙን ያዘጋጀው ቢል ላስዌል ሲሆን፥ እነ ሄርቢ ሃንኮክ፥ ዌይን ሾርተርና ፋሮአ ሳንደርስ ተጫውተውበታል። እነዚህ በጃዝ ሙዚቃ አንቱ የተባሉ ሰዎች ናቸው። እሷ ግን ዘፈኗን ለእነሱ ብላ አልለወጠችውም፤ በአማርኛዋ ዘፈነች፥ እነሱም ተከትለዋት ተጫወቱ። «ዓድዋ» እና «ዓባይ» የተባሉት ዘፈኖቿ ያሉት በዚሁ አልበም ነው።

የእድር ሰው ስለሆንን «ዓድዋ»ን በተለየ ጆሮ ነው የምንሰማው። የእኛ ሥራ ሟችን በክብር መሸኘት፥ ሐዘንተኛን ማጽናናት ነው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከወደቁት ውስጥ ጥሩምባ ያልተነፋላቸው፥ ድንኳን ያልተተከለላቸው ስንት ናቸው? ይህች ሴት ከመቶ ዓመት በኋላ ተነሥታ ውለታቸውን በዜማ አስታወሰችላቸው። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ዘፈኑ ሲሰማ፥ እኛ እንደ ተዝካር እንቈጥረዋለን።

ሁለተኛዋ እጅጋየሁ ዲባባ ናት፤ በ1974 ዓ.ም. በአርሲ፥ በቆጂ አካባቢ የተወለደች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «የጥሩነሽ እኅት» ብሎ ያልፋታል፤ እኛ ግን አናልፍም። ነሐሴ 21 ቀን 1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የብር ሜዳልያ ያገኘች እሷ ናት። ያን ምሽት በመጨረሻው ዙር ቻይናዊቷ ሺንግ ሁይና መጥታ ቀደመቻት። አሸናፊዋ የገባችው በ30 ደቂቃ ከ24.36 ሰኮንድ ሲሆን፥ እጅጋየሁ በ30 ደቂቃ ከ24.98 ገባች። አንድ ሰኮንድ እንኳ ያልሞላ ነገር ወርቁን ብር አደረገው። ከእሷ ቀጥላ ሦስተኛ የወጣችው ደግሞ በባርሴሎናና በሲድኒ ወርቅ ያመጣችው ዘመዷ ደራርቱ ቱሉ ነበረች። ከአራት ቀን በፊት ታናሽ እኅቷ ጥሩነሽ በ5,000 ሜትር ነሐስ አግኝታ ስለ ነበር፥ አንድ ቤት በአንድ ኦሊምፒክ ሁለት ሜዳልያ አስገባ።

በዓመቱ በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና እጅጋየሁ በ10,000ም በ5,000ም ሜትር የነሐስ ሜዳልያ ወሰደች፤ ሁለቱንም ርቀት ያሸነፈችው ጥሩነሽ ነበረች። ታላቅ እኅት ከታናሿ ኋላ ቆማ ሜዳልያ ስትቀበል ማየት፥ የቤተ ሰብ ነገር ለሚያውቅ ሰው ቀላል አይደለም። በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደግሞ በቺካጎ ማራቶን 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ9 ሰኮንድ ሮጣ ሁለተኛ ወጣች። የመጀመሪያ ማራቶኗ ነበር።

ሦስተኛዋ እጅጋየሁ ታዬ ናት። የተወለደችው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ሁለተኛዋ አቴንስ ላይ ስትሮጥ ይህች ገና የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። ታኅሣሥ 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 5 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ በ14 ደቂቃ ከ19 ሰኮንድ ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ክብረ ወሰኑ በኋላ ተሻሽሏል፤ ነገሩ እንዲህ ነው፥ ሊሰበር ነው የሚሰበረው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ በ10,000 ሜትር ጉዳፍ ጸጋይ ወርቅ፥ ለተሰንበት ግደይ ብር፥ እጅጋየሁ ታዬ ነሐስ አገኙ። ሦስቱም ሜዳልያ አገር ቤት ገባ።

ፈረንጆች የሦስቱን ስም በየራሱ ሆሄ ይጽፉታል፤ ሲነበብ አንዷ እጄጋየሁ፥ አንዷ እጂጋየሁ፥ አንዷ እጅጋየሁ ይመስላል። አባታቸውንም የቤተ ሰብ ስም እያደረጉ «ዲባባ»፥ «ታዬ» ብለው ይጠሯቸዋል። በፊደላችን ግን ስማቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው የአባታቸው ስምና የገዛ እጃቸው ሥራ ነው። የአንዷን ሥራ ለሌላዋ መስጠት፥ ያችን ሴትዮ ጡረታዋን እንደ መከልከል እንቈጥረዋለን።

ስለዚህ አንድ ማሳሰቢያ አለን። በእድራችን መዝገብ ውስጥም ስማቸው አንድ የሆነ አባሎች አሉ። የወር መዋጮ ስትከፍሉ የአባትና የአያት ስም ጨምራችሁ አስጽፉ። የቤተ ሰባችሁንም ስም እንዲሁ፤ በተለይ የእናቶችን። «የእገሌ ባለቤት» ወይም «የእገሌ እናት» ተብሎ የተጻፈ ካለ ይታረም። ጥሩምባ በሚነፋበት ቀን «የትኛዋ ናት?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው በመካከላችን እንዳይኖር ነው።

ቸር ያሰንብተን።