ነዳጅ፣ ወለድ እና ምክንያት፦ የጄምስ ሐሚልተን ምርምር ለነዳጅ አስመጪ አገር ምን ያስተምራል?

አጠቃሎ

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጄምስ ሐሚልተን ከ40 ዓመታት በላይ በገንዘብ፣ በባንክ እና በኃይል ላይ ተመራምረዋል። ሦስቱን መስኮች አንድ ስልት ያስተሳስራቸዋል። እርሱም ኢኮኖሚው ራሱ ያልወለደውን፣ ከውጭ የመጣውን ክስተት ለይቶ የተከተለውን ለውጥ በእርሱ መመዘን ነው። ይህ መጣጥፍ ስልቱ በነዳጅ ዋጋና በባንኮች የመጠባበቂያ ሂሳብ ላይ እንዴት እንደሠራ ያብራራል፤ በማዕከላዊ ባንክ ድርሻ ላይ የተነሣውን ክርክር ይመረምራል፤ በመጨረሻም ወደ ኢትዮጵያ ይመለከታል። ለኢትዮጵያ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ከውጭ የመጣ መሆኑ አያከራክርም። የሚያስቸግረው ጉዳቱ የት እንዳረፈ ማወቅ ነው፤ በመንግሥት የሚተመን የማደያ ዋጋ አይነግረንምና። (በሌላ መልክ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. መነሻ ጥያቄ

ሐሚልተን በ1983 በ«ጆርናል ኦቭ ፖለቲካል ኢኮኖሚ» ባሳተሙት ጥናት አንድ አስገራሚ ነገር አመለከቱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካን ካጋጠሟት የኢኮኖሚ ድቀቶች መካከል፣ በ1960 ከጀመረው በቀር፣ ሁሉም የመጡት የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ክፉኛ ካሻቀበ በኋላ ነበር። በዋጋው ንረትና በድቀቱ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ ወር ያህል ያልፋል።

አንድ ነገር ሌላውን ስለቀደመ ብቻ ምክንያቱ ነው ማለት ግን አይቻልም። ሐሚልተን ሦስት ማብራሪያዎችን ጎን ለጎን አቀረቡ። አንደኛው፣ ግጥምጥሞሹ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው፣ ነዳጁንም ድቀቱንም ያስከተለ ሌላ ኃይል አለ። ሦስተኛው፣ ቢያንስ ለአንዳንዶቹ ድቀቶች የዋጋው ንረት እውነተኛ ምክንያት ነው። የመጀመሪያውን በስታቲስቲክስ መፈተሽ ብዙም አይከብድም። አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። ምርት ሲጦፍ የነዳጅ ፍላጎት ይጨምራል፤ ፍላጎቱም ዋጋውን ያንረዋል፤ የጦፈው ኢኮኖሚ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል። እንዲህ ከሆነ የነዳጅ ዋጋ የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም።

2. የቴክሳስ ኮሚሽን እና የጦርነቶቹ ማስረጃ

ሐሚልተን መልሱን ያገኙት ገበያው በተግባር እንዴት ይመራ እንደነበር በቅርብ በመመርመር ነው። እስከ 1970ዎቹ መግቢያ ድረስ በአሜሪካ የነዳጅ ዋጋ ላይ ዋነኛ ተጽዕኖ የነበረው የቴክሳስ የባቡር ሐዲድ ኮሚሽን ነበር። ስሙ የባቡር ይሁን እንጂ፣ ኮሚሽኑ በየወሩ የሚጠበቀውን የነዳጅ ፍላጎት ገምቶ የግዛቲቱ አምራቾች ምን ያህል እንዲያወጡ እንደሚፈቀድላቸው ይወስን ነበር። ፍላጎት ሲቀንስ የሚፈቀደው ምርት ይቀንሳል፤ ሲጨምር ይጨምራል። ስለዚህ ተራው የኢኮኖሚ መዋዠቅ በምርት መጠን ይዋጣል፤ ዋጋው ግን ለወራት ሳይነቃነቅ ይቆያል። የሚዘለው ኮሚሽኑ ሊያካክሰው የማይችለው ነገር ሲፈጠር ነው። ኢራን ነዳጇን ወደ መንግሥት ይዞታ ስታዛውር የተነሣው ውዝግብ እና የ1956ቱ የስዊዝ ቀውስ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ቴህራን ወይም ካይሮ ላይ የተደረገ ውሳኔ ከኦሃዮ ፋብሪካዎች የምርት መጠን የመነጨ ነው ሊባል አይችልም። የስታቲስቲክስ ፈተናውም ይህንኑ ደገፈ፤ የአሜሪካን ምርት፣ ሥራ አጥነት ወይም የገንዘብ አቅርቦት በማየት ብቻ ቀጣዩን የነዳጅ ዋጋ ዝላይ መተንበይ አልተቻለም።

በ2003 ባሳተሙት ሥራ ደግሞ ሐሚልተን ማስረጃውን በአምስት ግጭቶች ላይ አስመረኮዙ። በእያንዳንዱ ግጭት ከዓለም ምርት የጎደለው ድርሻ ይህን ይመስላል፦ በ1956 የስዊዝ ቀውስ 10.1 ከመቶ፣ በ1973 የአረብና የእስራኤል ጦርነት 7.8 ከመቶ፣ በ1978 የኢራን አብዮት 8.9 ከመቶ፣ በ1980 የኢራንና የኢራቅ ጦርነት 7.2 ከመቶ፣ በ1990 የኩዌት ወረራ 8.8 ከመቶ። አምስቱንም ተከትሎ የአሜሪካ ኢኮኖሚ አሽቆልቁሏል።

ከዚያ ቀደም ግን የ1986 ተሞክሮ ንድፈ ሐሳቡን ፈትኖት ነበር። በዚያ ዓመት የነዳጅ ዋጋ አሽቆለቆለ፤ የተጠበቀው የኢኮኖሚ ግስጋሴ ግን አልመጣም። የኢኮኖሚ ምሁሩ ሞርክ በ1989 እንዳሳዩት የዋጋ መናርና መውረድ የሚያስከትሉት ውጤት እኩል አይደለም። ሐሚልተን በ1988 ላቀረቡት ማብራሪያ ይህ ድጋፍ ሆነ። ነዳጅ ሲወደድ የቤንዚን ፍጆታው የበዛ መኪና ገዢ ያጣል፤ የሚያመርተው ፋብሪካ ሠራተኛ ይቀንሳል፤ የተቀነሰው ሠራተኛ ግን በማግስቱ ሌላ ዘርፍ ውስጥ ሥራ አያገኝም። ጉዳቱ የሚመነጨው ከነዳጅ ወጪው ብቻ ሳይሆን ሰውና ካፒታል ከዘርፍ ወደ ዘርፍ እስኪዛወሩ ከሚባክነው ጊዜ ጭምር ነው። ዋጋው ሲወርድም ሰውና ካፒታል መዛወራቸው አይቀርምና ርካሽነቱ የሚያመጣውን ጥቅም ይህ ኪሳራ ይበላዋል።

3. ከባንኮች ሂሳብ ውስጥ

የባንክ ጥናታቸው ላይ ላዩን ሲታይ ከነዳጅ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ስልቱ ግን ያው ነው። የአሜሪካ ባንኮች በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ በአማካይ የተወሰነ የመጠባበቂያ ሂሳብ በአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ፣ በፌዴራል ሪዘርቭ፣ እንዲያስቀምጡ ይገደዱ ነበር። ጊዜው የሚዘጋው ረቡዕ ነበር። የጎደለበት ባንክ ከተረፈው ለአንድ ሌሊት ይበደር ነበር። ግዴታው የሚሰላው በአማካይ ስለነበር ሰኞ የተያዘ ዶላርም ሐሙስ የተያዘ ዶላርም እኩል ሊያገለግል ይገባው ነበር፤ የዚህ የአንድ ሌሊት ብድር ወለድ ተመንም ከቀን ወደ ቀን ሊተነበይ በሚችል መንገድ መለዋወጥ አልነበረበትም። ሐሚልተን በ1996 ያገኙት ከዚህ የተለየ ነበር። ተመኑ በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ የታወቀ ውጣ ውረድ ነበረው፤ ወደ መዝጊያው ረቡዕ ሲቃረብም ከፍ ይል ነበር። የግብይት ወጪና የብድር ጣሪያ ባሉበት ባንኮች እንደ መማሪያ መጽሐፉ አይሠሩም።

በ1997 ደግሞ ሌላ ጥያቄ አነሱ፦ የመጠባበቂያ ገንዘብ ሲቀንስ ወለድ በምን ያህል ይጨምራል? ማዕከላዊ ባንኩ ገንዘብ የሚያስገባውና የሚያወጣው ወለዱን አይቶ ስለሆነ ሁለቱን ማነጻጸር ብቻውን መልስ አይሰጥም። ሐሚልተን አንድ ቀዳዳ አገኙ። ግብር ሲከፈል ገንዘቡ ከንግድ ባንኮች ወጥቶ ፌዴራል ሪዘርቭ ወዳለው የግምጃ ቤቱ ሂሳብ ይገባል፤ የባንኮች መጠባበቂያም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ማዕከላዊ ባንኩ የግምጃ ቤቱን ሂሳብ በየቀኑ አስቀድሞ ይገምታል፤ ግምቱ ሲስት ግን ማንም ያላሰበው የገንዘብ እጥረት ወይም ትርፍ ይፈጠራል። ያ ስህተት ለተመራማሪው ውድ ሀብት ነው። ለነዳጁ የስዊዝ ቀውስ የሰጠውን አገልግሎት ለወለዱ የግምጃ ቤቱ የግምት ስህተት ሰጠ።

4. ጥፋቱ የማን ነው?

ሁለቱ የምርምር መስመሮች በ1997 በአንድ ክርክር ተገናኙ። የኢኮኖሚ ምሁራኑ ቤን በርናንኬ፣ ማርክ ገርትለር እና ማርክ ዋትሰን እንዲህ ሲሉ ሞገቱ፦ ነዳጅ ሲወደድ ፌዴራል ሪዘርቭ የዋጋ ግሽበትን ፈርቶ ወለድ ይጨምራል፤ ኢኮኖሚውን በአብዛኛው የሚያዳክመውም ይህ ምላሽ ነው። በእነርሱ ስሌት ማዕከላዊ ባንኩ ወለዱን ባይነካ ኖሮ የጉዳቱ ትልቅ ክፍል ባልደረሰ ነበር።

ሐሚልተን ከአና ማሪያ ኤሬራ ጋር በ2004 መልስ ሰጡ። የመጀመሪያው ነጥባቸው የጊዜ ጉዳይ ነው። የእነ በርናንኬ ሞዴል ወደ ኋላ የሚያየው ሰባት ወር ብቻ ሲሆን የነዳጅ ዋጋ ዋነኛ ውጤት የሚታየው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛው፣ ጉዳቱን ለማስቀረት የሚያስፈልገው የወለድ ቅነሳ ከልማድ እጅግ የራቀ በመሆኑ የባንኮችና የሸማቾች ባህሪ ሳይለወጥ ይቀጥላል ብሎ መገመት አያስኬድም። ሌሎቹ ተመራማሪዎች ባርስኪ እና ኪሊያን በ2002 ያቀረቡት ሙግት ደግሞ ከሥሩ የሚጀምር ነው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተለቀቀው ገንዘብ ራሱ ለነዳጅ መወደድ ምክንያት ሆኗል ይላል። ኪሊያን በ2009 የዋጋ ንረቶች ሁሉ አንድ እንዳልሆኑ፣ ከአቅርቦት መጓደልና ከፍላጎት ማደግ የሚመጡት ውጤታቸው እንደሚለያይ አሳዩ። ሐሚልተንም ከክርስቲያኔ ባውማይስተር ጋር በ2019 ባሳተሙት ሥራ መለያየቱን ተቀብለው፣ የአቅርቦት ድርሻ ግን ኪሊያን ከገመቱት የላቀ መሆኑን ተከራከሩ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ሊከበር የሚገባው የማስረጃው ጥራት ነው። በ2008 ሐምሌ ወር የአንድ በርሜል ዋጋ 147 ዶላር ገደማ ሲደርስ ሐሚልተን ጦርነት ፍለጋ አልሄዱም። ከ2005 ጀምሮ የዓለም ምርት ባለበት ሲቆም የቻይና ፍላጎት ማደጉን ዋናው ምክንያት አደረጉ። የድቀቱንም የመጀመሪያ ወራት ከመኖሪያ ቤት ብድር ቀውስ ጎን ለጎን በነዳጅ አብራሩ።

5. ኢትዮጵያ፦ የተገለበጠ ችግር

ይህን ሥራ ለኢትዮጵያ ጥናት መጠቀም የሚሻ ተመራማሪ መጀመሪያ ነገሩ ይቀልለታል። ኢትዮጵያ የምትገዛው ነዳጅ የዓለምን ዋጋ አያንቀሳቅስም፤ ስለዚህ ሐሚልተን በብርቱ ጥረት ያረጋገጡት «ከውጭ የመጣ» መሆን እዚህ የታወቀ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ነዳጁ በጅቡቲ በኩል ከገባ በኋላ ነው።

የ1966 ዓ.ም. የካቲትን እናንሳ። ከጥቅምት 1973 እስከ ጥር 1974 (እ.ኤ.አ.) በርሜሉ ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ገደማ ደረሰ። የቤንዚን ዋጋ በ50 ከመቶ ሲጨመር የአዲስ አበባ የታክሲ ሾፌሮች የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም በቀናት ውስጥ ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ተገደደ። የዓለም ዋጋ ግን አልወረደም። ልዩነቱን የግድ አንድ ሰው መሸከም ነበረበት።

በኋለኞቹ አሥርት ዓመታት መንግሥት ዋጋውን ሲተምን ልዩነቱን የተሸከመው የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ ነው። ነዳጁን የመንግሥት ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ይገዛል፤ ክፍያው በመንግሥት ባንክ በኩል በኤልሲ (ባንክ በሚሰጠው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ይፈጸማል፤ የውጭ ምንዛሪው ለነዳጅ ቅድሚያ ይሰጥ ስለነበር የመለዋወጫ፣ የመድኃኒት ወይም የጥሬ ዕቃ አስመጪው ወረፋ ይረዝም ነበር። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው በየደረጃው እንዲነሳና ለሕዝብ ትራንስፖርት ብቻ በሞባይል የክፍያ አገልግሎቱ በቴሌብር እንዲደርስ ተወሰነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በቀናት ውስጥ 100 ብርን ሲሻገር፣ በርሜሉ በዓለም ገበያ ሳይወደድ በብር ተወደደ።

ከዚህ የሚከተለው ለስልቱ ወሳኝ ነው። በተተመነ የማደያ ዋጋና በአገር ውስጥ ምርት መካከል ያለውን ዝምድና የሚለካ ጥናት «ነዳጅ ኢኮኖሚውን አይጎዳም» የሚል መደምደሚያ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ መደምደሚያውም ስህተት ይሆናል። የ1973ም ሆነ የ2008 ዓይነት ንረት አገሪቱን መትቷል፤ ነገር ግን ምቱ ያረፈው በፈንዱ ዕዳ፣ በባንኩ ሂሳብ፣ ጥሬ ዕቃ ባጣው ፋብሪካና በማደያ ሰልፍ ላይ ነው። የእነ በርናንኬ ጥያቄም እዚህ መልኩን ይለውጣል። ማዕከላዊ ባንክ ወለድን በመለወጥ ሳይሆን ዶላርን በማከፋፈል ይሠራ በነበረበት ሥርዓት «ወለዱ ባይጨመር ኖሮ» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይረዳም። መጠየቅ ያለበት «ዶላሩ ለነዳጅ ባይቀደም ኖሮ ማን ምን ያመርት ነበር?» ተብሎ ነው።

6. መደምደሚያ

የሐሚልተን ምርምር ያስገኘው ትልቁ ትምህርት በአንድ የቁጥር ውጤት አይወሰንም። ነዳጅ ድቀት ያስከትላል ወይ የሚለው ክርክር አሁንም አልተዘጋም። ዘላቂው ቁም ነገር፣ የአገርን ኢኮኖሚ የሚመረምር ሰው ተቋማቱ በየዕለቱ የሚሠሩበትን መንገድ ሳያውቅ ምክንያትን ከውጤት መለየት እንደማይችል ማሳየቱ ነው። የኮሚሽኑን ወርሃዊ ስብሰባና የረቡዑን መዝጊያ ሳያውቁ ያንን ማስረጃ ማግኘት አይቻልም ነበር።

ለኢትዮጵያ የሚያስፈልገውም ተመሳሳይ ትጋት ነው። የማረጋጊያ ፈንዱ ወርሃዊ ሚዛን፣ የነዳጅ ኤልሲ የተከፈተበትና የተከፈለበት ቀን፣ ሌሎች አስመጪዎች ምንዛሪ ለማግኘት የጠበቁት ጊዜ፣ ማደያዎች ባዶ የሆኑባቸው ቀናት በሥርዓት ተሰብስበው ለተመራማሪዎች ክፍት ሊሆኑ ይገባል። መረጃው ተበታትኖም ቢሆን በመሥሪያ ቤቶች መዝገብ ውስጥ የሚገኝ ዓይነት ነው። ድጎማ ማንሳትም ሆነ ማስቀጠል፣ ብርን ማርከስም ሆነ መደገፍ ሚሊዮኖች የሚኖሩበትን ኑሮ የሚወስን እርምጃ ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሸክሙን ማን እየተሸከመ እንደሆነ ሳይለካ መተላለፍ የለበትም፤ መለኪያውን ማዘጋጀት ደግሞ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቻችን የመጀመሪያ ግዴታ ነው።