ወጣት በጎ ፈቃደኞችና ዲሜንሺያ ያለባቸው አረጋውያን፦ ቤተሰብ ስለ ጉብኝቱ ማወቅ ያለበት

ዲሜንሺያ (የመርሳት በሽታ) የማስታወስ፣ የማሰብና የዕለት ተዕለት ሥራን የማከናወን ችሎታን የሚያዳክሙ የአንጎል ሕመሞች የጋራ መጠሪያ ነው። ከእነዚህ በብዛት የሚታየው አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር ይኖሩ ነበር።

እናትዎ ወይም አባትዎ በውጭ አገር በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ፣ ሠራተኞቹ ያጥቧቸዋል፣ ያለብሷቸዋል፣ መድኃኒታቸውንም በሰዓቱ ይሰጧቸዋል። አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያጫውታቸው ግን ላይኖር ይችላል። በየሳምንቱ የሚመጣ ወጣት በጎ ፈቃደኛ ይህን ክፍተት በከፊል ሊሞላ ይችላል።

ጉብኝቱ ምን ይጠቅማል?

ጉብኝት በሽታውን አያድንም፤ የጠፋውን ትዝታም አይመልስም። ጥቅሙ ስሜት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ የአልዛይመር ሕሙማን አሳዛኝና አስደሳች የፊልም ቁርጥራጮች እንዲያዩ ተደርጎ ነበር። ሕሙማኑ ብዙም ሳይቆይ ያዩትን በቅጡ ማስታወስ አልቻሉም፤ የተሰማቸው ሐዘን ወይም ደስታ ግን አብሯቸው ቆየ።

ስለዚህ ወጣቱ ከሄደ በኋላ እናትዎ «ዛሬ ማንም አልመጣም» ቢሉዎት፣ ጉብኝቱ ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም። በተቃራኒው፣ ጥድፊያና ክርክር የበዛበት ጉብኝት ምክንያቱ የተረሳ ቅያሜ ትቶ ሊሄድ ይችላል።

አማርኛ የሚናገር ወጣት ለምን?

ዲሜንሺያ ሲጠና፣ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ከአፍ መፍቻው ቀድሞ ይዳከማል። ለብዙ ዓመታት በእንግሊዝኛ ሲሠሩ የኖሩ አባት ወደ አማርኛ ብቻ ሊመለሱ ይችላሉ። አማርኛ የማያውቅ ሠራተኛ ዝምታቸውን የበሽታው መባባስ አድርጎ ሊያየው ይችላል።

በውጭ አገር ተወልዶ ያደገ ወጣት አማርኛው ቢሰባበርም አይፈር። አረጋዊው ሲያርሙት አስተማሪ ይሆናሉ። ለረጅም ዘመን ሲባሉ የኖሩ አባባሎች ከሌላው ንግግር በኋላም ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ወጣቱ «ድር ቢያብር» ብሎ ቢያቆም «አንበሳ ያስር» ብለው ሊጨርሱለት ይችላሉ።

ወጣቱን ከየት ያገኛሉ?

በመጀመሪያ የመኖሪያውን የመዝናኛ መርሐ ግብር አስተባባሪ ያነጋግሩ። ቀጥሎ በቤተ ክርስቲያንዎ፣ በመስጊድዎ ወይም በማኅበረሰብ ማኅበርዎ ይጠይቁ። ትምህርት ቤቶችም ሊረዱ ይችላሉ። ለምሳሌ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለመመረቅ 75 የአገልግሎት ሰዓት ማሟላት አለባቸው። ጉብኝቱ ይቆጠር እንደሆነ ተማሪው ከመጀመሩ በፊት ትምህርት ቤቱን ይጠይቅ። መኖሪያው የወላጅ ፈቃድ ወይም የክትባት ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል።

ከመጀመሪያው ጉብኝት በፊት ለወጣቱ የሚነገረው

- በምን መጠራት እንደሚወዱ፦ እማማ፣ እትዬ፣ አባባ ወይስ ጋሼ።
- የትውልድ ቦታቸው፣ የሠሩት ሥራ፣ የልጆቻቸው ስም፣ በሕይወት የሌሉ ዘመዶቻቸው።
- መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ይጠቀሙ እንደሆነ። ሳይሰሙ የቀሩትን የረሱት ሊመስል ይችላል።
- ምግብ ለመዋጥ ይቸገሩ እንደሆነ። እንዲህ ላለ ሰው ቆሎ ሊያንቅ ይችላል። ማንኛውም ምግብ ወይም መጠጥ ከመሰጠቱ በፊት ነርሷ ትጠየቅ።
- የጸሎት ሰዓታቸውና የጾም ልማዳቸው።

የመጀመሪያዎቹን ጉብኝቶች እርስዎም አብረው ይገኙ።

በጉብኝቱ ጊዜ

- ቀንና ሰዓቱ አይቀያየር። ብዙ ሕሙማን አመሻሽ ላይ ስለሚረበሹ፣ ጠዋት ወይም ከምሳ በፊት ይሻላል። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል።
- «ያስታውሱኛል?» አይባል። ጥያቄው ፈተና ይሆንባቸዋል። ወጣቱ በመጣ ቁጥር ስሙን ራሱ ይንገራቸው።
- ክርክር አይግጠም። «ወደ ቤቴ ውሰደኝ» ሲሉ «ቤትዎ እዚህ ነው» ከማለት «እስቲ ስለ ቤትዎ ያጫውቱኝ» ማለት ይሻላል። በሕይወት የሌሉ እናታቸውን ሲጠይቁም በየጊዜው መርዶ አይነገራቸው። «እናትዎ ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» ቢባሉ ይበቃል።
- እጅ ሥራ ያግኝ። ምስር መልቀም፣ ነጠላ ማጠፍ፣ የድሮ ፎቶ ማገላበጥ፣ በወጣትነታቸው የሚወዱትን ዘፈን ወይም መዝሙር አብሮ መስማት።
- ዝምታ ይፈቀድ። አጠገባቸው መቀመጥም ጉብኝት ነው።

ለሠራተኞች ወዲያውኑ የሚነገር

- በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ ግራ መጋባት፣ ያልተለመደ እንቅልፍ ወይም ቅዠት። ይህን «በሽታው ነው» ብለው አይለፉት። ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ወይም መድኃኒት ሊያመጣው ስለሚችልና ሊታከም ስለሚችል በአስቸኳይ መታየት አለበት።
- መውደቅ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ሰንበር፣ ሲበሉ ማሳል ወይም ትን ማለት።

ወጣቱ መድኃኒት አይስጥ፣ ብቻውን አያንሳቸው። ጉንፋን ወይም ትኩሳት ካለበት ይቅር፤ መቅረቱንም አስቀድሞ ያሳውቅ።

ስለ ወጣቱም ያስቡ

አንዳንድ ጊዜ ሕመምተኛው ሊሳደቡ ወይም «ገንዘቤን ሰረቅኸኝ» ሊሉ ይችላሉ። ይህ ከሕመሙ የሚመጣ እንጂ በእሱ ላይ የተያዘ ቂም አለመሆኑን አስቀድመው ያስረዱት። ከጉብኝት በኋላ እንዴት እንደዋለ ይጠይቁት። አረጋዊው ቢሞቱ ለእሱም ይነገረው፤ ለቅሶ መድረስ ከፈለገም ቦታ ይስጡት።

ትምህርቱ አልቆ የሚሄድ ከሆነ ተተኪውን ቀድሞ ይዞ ይምጣ፤ ጥቂት ሳምንት አብረው ይጎብኙ። አረጋዊው ጉብኝቱን ካልወደዱት ግን አያስገድዷቸው። በሌላ ሰዓት ወይም በሌላ ወጣት ይሞክሩ፤ አሁንም ካልፈለጉ ምርጫቸውን ያክብሩ።