ስም የማይጻፍበት ካርድ

አውደ ጥናት የመራ ሰው ሁሉ ሕጉን ያውቀዋል። በአንድ ካርድ አንድ ሐሳብ፤ ከሦስት መስመር አይበልጥም፤ ከአዳራሹ ጫፍ እንዲነበብ በወፍራም ማርከር ይጻፋል፤ ስም አይጻፍበትም። እኔ ይህን የተማርኩት ካርድ እየሰበሰብኩ ቡናማ ወረቀት ላይ የምለጥፍ ረዳት ሳለሁ ነው። ሕጉ ከየት እንደመጣ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ዛሬ ወጣት ባልደረቦቼ በዙም ስብሰባ ላይ ባለቀለም የጥያቄ ካርድ ስክሪን ላይ እየገለበጡ ሰዉን ሲያናግሩ ሳይ ግን ታሪኩን የመንገር አምሮት ይይዘኛል፤ አዲስ ነገር ያገኙ መስሏቸዋልና።

ሕጉ መልክ የያዘው ከሐምቡርግ በስተሰሜን በምትገኘው ኩዊክቦርን በምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ ነው። ኤበርሃርድና ቮልፍጋንግ ሽኔለ የተባሉ ወንድማማቾች በአባታቸው የቤት ዕቃ ድርጅት ውስጥ ይሠሩ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የቢሮ ግድግዳ አፍርሰው አለቃውንም ጸሐፊዋንም አንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ በተክልና በመከለያ ብቻ እየለዩ የሚያስቀምጥ አሠራር ይዘው ተነሡ። ከዚያ ወደ ስብሰባው ዞሩ። ዘመኑ የጀርመን ተማሪዎች በ1968 አደባባይ የወጡበት፣ ሳንጠየቅ ለምን ይወሰንብናል የሚለው ቁጣ ከዩኒቨርሲቲ አልፎ መሥሪያ ቤት የገባበት ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሜታፕላን ተብሎ የታወቀው ዘዴ በዚህ አየር ውስጥ ተወለደ፦ መርፌ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ቡናማ ወረቀት፣ አራት ማዕዘንና ሞላላ ካርድ፣ ድምፅ ለመስጠት የሚለጠፍ ክብ ነጥብ።

በቁራጭ ወረቀት ሐሳብ መሰብሰብ እነሱ የጀመሩት አይደለም። አሜሪካዊው ክሎድ ክራውፎርድ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ያስጽፍ ነበር። የኔፓልን መንደሮች ያጠና የነበረው ጃፓናዊው ጂሮ ካዋኪታም ከመስክ ያመጣውን በቁራጭ ወረቀት እየጻፈና እየደረደረ የራሱን ዘዴ በ1960ዎቹ ለሕዝብ አቅርቧል። ወንድማማቾቹ የጨመሩት ግድግዳውን ነው። የተጻፈው ሁሉ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይታያል፤ ማን እንደጻፈው ግን አይታይም።

ይህ ለእኛ አገር ስብሰባ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ አልደክምም። ሰብሳቢው ይናገራል፤ ምክትሉ ይከተላል፤ ቀጥሎ «ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉንም ብለውታል» ብሎ ሩብ ሰዓት የሚወስድ ሰው ይነሣል፤ ከኋላ የተቀመጠችው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሐሳቧን ይዛ የሻይ ሰዓት ትጠብቃለች።

ካርዱ እኛ ዘንድ የገባው በልማት ፕሮጀክት በኩል ነው። የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ በ1980ዎቹ ዞፕ የሚባለውን የዕቅድ አወጣጥ ለፕሮጀክቶቹ ደነገገ። መሠረቱ አሜሪካኖች በ1969 ለመንግሥታቸው የልማት ድርጅት ለዩኤስኤድ ያዘጋጁት ሎጂካል ፍሬምወርክ የተባለው የዕቅድ ሠንጠረዥ ነው፤ ጀርመኖቹ የኩዊክቦርንን ካርድ ጨመሩበት። የመንግሥትም የግብረ ሠናይ ድርጅትም ሠራተኛ እንቅልፉን እየተኛ ሊስለው የሚችለው «የችግር ዛፍ» በዚህ መንገድ የተስፋፋ ነው፦ ሥሩ ላይ መንስኤ፣ ግንዱ ላይ ዋናው ችግር፣ ቅርንጫፉ ላይ ውጤት፣ ሁሉም በካርድ። (ችግራችንን አሳምረን ዛፍ ካደረግነው በኋላ ዛፉ የሚቆረጥበት አውደ ጥናት መቼ እንደሚጠራ ግን እስካሁን አልሰማሁም።)

በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር መቀመጫው ለንደን ከሆነው ዓለም አቀፍ የአካባቢና የልማት ተቋም ጋር በ1988 ወሎ ውስጥ ፈጣን የገጠር ዳሰሳ አካሂዷል። እንዲህ ያሉ ጥናቶችን የሠሩ ሰዎች ገበሬው ራሱ እንዲደረድር፣ እንዲያወዳድር፣ እንዲስል ያደርጉ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ባለበት ካርዱ ጠጠር ወይም ባቄላ ይሆናል። ለእኔ ይህ ከኩዊክቦርኑ የበለጠ ብልህ ነው፤ ወረቀቱና ማርከሩ ሳይኖሩም ሥራው ይሠራልና።

ካርዱ ላይ ስም ባይጻፍም የእጅ ጽሑፉ የሰውን ማንነት ያጋልጣል። ቢሾፍቱ ላይ አንድ ጊዜ «መኪናው ለሥራ አይወጣም» የሚል ካርድ ወጣና የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከሐሳቡ ይልቅ የፊደሉን አጣጣል ትኩር ብሎ ሲመረምር አየሁ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን ካርድ በራሴ እጅ ገልብጬ ነው የምለጥፈው።

እስካሁን ያወራሁት ሰው ስለሚጽፍበት ካርድ ነው። ስክሪን ላይ የሚገለበጠው ግን ሰውን የሚጠይቅ ካርድ ነው፤ የዘር ሐረጉም ሌላ ነው። በ1975 እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖና ሠዓሊው ጓደኛው ፒተር ሽሚት ከመቶ በላይ ካርዶች በሣጥን አድርገው አወጡ። ስቱዲዮ ውስጥ ሥራው አልሄድ ሲል አንዱ ይመዘዛል፤ እላዩ ላይ ያለው አጭር፣ ብዙ ጊዜም ግራ የሚያጋባ ትእዛዝ ይፈጸማል። በ1977 በርሊን ውስጥ ኢኖና ዴቪድ ቦዊ አንድ ሙዚቃ ሲሠሩ እያንዳንዳቸው ካርድ መዝዘው፣ አንዱ ለሌላው ሳያሳይ በየተራ ድምፅ ጨመሩበት። በኋላ ሲገላለጡ የአንዱ ካርድ አመሳስል፣ የሌላው ደግሞ ልዩነቱን አጉላ የሚል ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ሳያውቁት ሲጓተቱ ነበር።

በ2020 ኮሮና አዳራሾቹን ሲዘጋ ሁለቱ ሐረጎች ስክሪን ላይ ተገናኙ። መጀመሪያ ዙም ላይ ያየሁት የድሮው ስብሰባ እንዳለ ተመልሶ መምጣቱን ነበር፤ አለቃው ማይኩን ይከፍታል፣ ሌላው ካሜራውን ይዘጋል። ስለዚህ ካርዱን አወጣሁ። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ይቀርባል፤ ሁሉም ቻት ላይ መልሱን ይጽፋል፤ «አሁን» እስክል ድረስ ማንም አይልክም። የአለቃውን መልስ አይቶ የራሱን የሚያስተካክል ሰው ጊዜ ያጣል። ከኢኖም ተውሻለሁ፦ ለአንዱ ተሳታፊ ዕቅዱን እንዲከላከል፣ ለሌላው እንዲጠራጠር የሚያዝዝ ካርድ በግል እልካለሁ፤ ጭቅጭቁ ሲሞቅ ካርዶቹን እናወጣለን፤ የተቆጣም ይስቃል። ሰዉ ወደ ትናንሽ ክፍሎች ሲበተን የእኔ ስክሪን በራሱ ስለማይከተለው፣ ካርዱን አስቀድሜ በቴሌግራም በምስል እልካለሁ። ኔትወርኩ የተቋረጠበት ሰውም ሲመለስ ጥያቄው እጁ ላይ ነው።

ቻቱ ግን የላኪውን ስም ይዞ ነው የሚመጣው። በአንዳንድ የኢንተርኔት ሰሌዳዎችም ላይ የጸሐፊው ስም ከጠቋሚዋ ጋር ሲዞር ይታያል፤ ይህ ዘዴው ከተፈጠረበት ምክንያት ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ከበድ ላለ ጥያቄ መልሱን ያለ ስም የሚያሳየውን ሜንቲሜተርን የምመርጠው ለዚህ ነው። ወጣቶቹ መልኩ አያምርም ይሉኛል። አያምርም፤ ልክ ናቸው።

ሌላው ጣጣ የእነዚህ ሰሌዳዎች ዕድሜ ነው። ጎግል ጃምቦርድ የተባለውን የኢንተርኔት ሰሌዳውን በ2024 መጨረሻ ሲዘጋው፣ እዚያ ያከማቸሁትን ሰሌዳ ሁሉ በፒዲኤፍ አወረድኩ። ፒዲኤፍ ላይ ደግሞ ካርድ ተነቅሎ ሌላ ቦታ አይለጠፍም። አሁን የጥያቄ ካርዶቼን በተራ ምስል ነው የማስቀምጠው፤ የትኛውም ሰሌዳ ላይ ይጫናሉ፣ ስልክ ላይም ይላካሉ።