ደሙ የት ይፍሰስ? የኦሪት መሥዋዕትና ቤተ እስራኤል

ድሬዳዋ ላይ ሥጋ ልትገዙ ስትወጡ በአራጁ ሃይማኖት የተለዩ ሁለት ዓይነት ሉካንዳዎች ታያላችሁ። ዕርድ ለጎረቤቶቻችን ዛሬም የእምነት ጉዳይ ነው። እኛ ወንጌላውያን ስለ ደም አብዝተን እንዘምራለን፤ የኦሪት ሰው ደም ያፈሰሰው ለምን እንደ ነበር ግን ብዙም አንጠይቅም።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። ዛሬ «መሥዋዕት ሆነ» ስንል ሞተ ማለታችን ነው። ዕብራይስጡ ግን የሚቀርበውን ሁሉ «ቁርባን» ይለዋል፤ ሥሩ እንደ ግእዙ «ቀረበ» ነው። በዘሌዋውያን 1 ላይ ወይፈኑን የሚያርደው ባለ መባው ራሱ ነው፤ ካህናቱ የሚገቡበት ደሙን በመሠዊያው ዙሪያ ለመርጨት ነው። ምክንያቱን 17፥11 ላይ ታገኙታላችሁ፤ ደሙ ሕይወትን ስለያዘ ያስተሰርያል፣ ይህንንም ደም ለሰው የሰጠው እግዚአብሔር ነው። በ5፥11 ደግሞ ሁለት ዋኖስ እንኳ ያጣ ድሃ ዱቄት ያቀርባል፤ ኃጢአቱም ይሰረይለታል። ዕብራውያን 9፥22 ሁሉ በደም ይነጻል ከማለቱ በፊት ጥቂት ነገር ያስቀረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰባኪዎቻችን ግን ይህችን ሐረግ ይዘልሏታል።

የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ70 በሮማውያን እጅ ሲፈርስ መሥዋዕቱ ቆመ፤ ረቢዎቹም ጸሎትን፣ ንስሐንና ምጽዋትን ይዘው ቀጠሉ። በጎንደር ዙሪያ የኖሩት ቤተ እስራኤል ግን የረቢዎቹ ትምህርት አልደረሳቸውም። በእጃቸው የነበረው የግእዝ ኦሪት ነው፤ በመስጊዳቸው (የጸሎት ቤታቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው) አጠገብ ይሠዉ፣ የፋሲካውንም በግ ያርዱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1860 ሄንሪ አሮን ስተርን የሚባል ሚስዮናዊ በአጼ ቴዎድሮስ ፈቃድ ወደ መንደሮቻቸው ገባ። እርሱ ራሱ ከአይሁድ ወገን ተወልዶ ወደ ክርስትና የመጣ ሰው ነበር። እርሱና እንደ ማርቲን ፍላድ ያሉ የሥራ ባልደረቦቹ በሁለት መንገድ ተከራከሩ። አንደኛው ክርስቶስ አንድ ጊዜ ስለ ተሠዋ ሌላ መሥዋዕት አያስፈልግም የሚል ነው። ሁለተኛው ከዘዳግም 12 የተወሰደ ነው፤ እግዚአብሔር ከመረጠው ስፍራ ውጭ መሠዋት ሕጉን መጣስ ነው፣ ጎንደርም ኢየሩሳሌም አይደለችም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ኢየሩሳሌም የሚለው ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም። ሳምራውያን የተመረጠው ስፍራ ገሪዛን ነው ይላሉ፤ እስከ ዛሬም የፋሲካን በግ እዚያ ያርዳሉ። ክርክሩ ከሕጉ ብቻ ሳይሆን ከዳዊትና ከሰሎሞን ታሪክም ይመዝናል ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ክርክሩ ቢያሸንፍ እንኳ ሰሚውን ወደ መስቀል አያደርሰውም። እ.ኤ.አ. በ1904 አይሁዳዊው ዣክ ፋይትሎቪች ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ሚስዮናውያኑን አጥብቆ የሚቃወም ሰው ነበር። መሥዋዕቱን ተዉ በማለት ግን ከእነርሱ ጋር ተስማማ! አንዱ ወደ ወንጌል፣ ሌላው ወደ ረቢዎቹ ሥርዓት ሊያመጣቸው ይፈልግ ነበር።

ከቤተ እስራኤል የተጠመቁት ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም ቴዎድሮስና አቡነ ሰላማ ባስቀመጡት ግዴታ መሠረት በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቁ። የቀሩት መሥዋዕቱን ቀስ በቀስ ቢተዉም የአባቶቻቸውን እምነት አልተዉም። የፋሲካው በግ ግን ከሌሎቹ መሥዋዕቶች ይልቅ ቆየ፤ በአንዳንድ መንደሮች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ይታረድ ነበር።