ዛጎል፦ ከባሕር የወጣ ገንዘብና ከሳሪዎቹ



በእጄ የያዝኳት ይህች ነጭ ዛጎል ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥም። በአገራችን ዛጎልን በጌጥነቱ፣ አለዚያም በዛጎል ጣይ ፊት ተበትኖ እናውቀዋለን፤ ለመገበያያ አሞሌ ጨው ነበረንና። በቤንጋልና በምዕራብ አፍሪካ ግን ይህ የትንሽ ባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. «ሞኔታ» ብሎ የሰየመውም ስለዚሁ ነው።

ዋናው ምንጭ የማልዲቭ ደሴቶች ነበሩ። ኢብን ባቱታ በ14ኛው መቶ ዘመን እንደ መዘገበው፣ ደሴተኞቹ ቀንድ አውጣውን ከባሕር ለቅመው በጉድጓድ ይቀብሩታል፤ ሥጋው በስብሶ ሲያልቅ ነጩ ቅርፊት ይቀራል። ይህንንም ለቤንጋል ሰዎች በሩዝ ይለውጡታል። በደሴቶቹ አንድ የወርቅ ዲናር 400,000 ዛጎል ያወጣ ነበር፤ በማሊና በጋዎ ግን 1,150 ብቻ። ነጋዴውን ያን ሁሉ መንገድ ያስጓዘው ይህ ልዩነት ነው።

ኋላም የሆላንድና የእንግሊዝ መርከቦች ዛጎሉን ለመርከቡ ሚዛን መጠበቂያ ጭነው አምስተርዳምና ለንደን አደረሱት፤ ከዚያ ወደ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ተሻገረ። በውይዳ ወደብ የሰው ልጅ በዛጎል ተገዛ። እንግዲህ ዛጎልን «ኋላ ቀር ገንዘብ» የሚሉትን የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው፤ እስያን፣ አውሮፓንና አፍሪካን በአንድ የንግድ ሰንሰለት ያስተሳሰረ፣ ከዓለም አቀፉ የባሪያ ንግድ መክፈያዎች አንዱ የሆነ ገንዘብ ነበር።

ዛጎል እንዲሁ አይሰበርም፣ በቀላሉ ይቈጠራል፣ አስመስሎ መሥራትም ያስቸግራል። ዋጋውን የጠበቀለት ግን የባሕሩ ርቀት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ነጋዴዎች ርካሽና ተለቅ ያለውን ሌላ ዝርያ ከዛንዚባር አካባቢ በገፍ ወደ ሌጎስና ወደ ውይዳ ባስገቡ ጊዜ ዋጋው ወደቀ። ቀጥሎም ቅኝ ገዥዎች ግብርን በራሳቸው ሳንቲም ብቻ መቀበል ጀመሩ።

ነጋዴው አትርፎ ሄደ። ዛጎሉን በእንስራ ሞልቶ በቤቱ ወለል የቀበረው ገበሬና ጉልት ላይ ስትቸረችር የኖረችው ሴት ግን የዕድሜ ልክ ጥሪታቸው በእጃቸው ላይ ቀለለ። ጋና በ1965 እ.ኤ.አ. ለአዲሱ ገንዘቧ «ሴዲ» የሚለውን ስም ስትሰጥ ያነሣችው የዛጎልን የአካን ስያሜ ነው። የገንዘብን ታሪክ ስታጠኑ ከነጋዴው መዝገብ ጎን ያንን እንስራም እንድትፈልጉ አደራ እላለሁ።